የምክር ቤት ስብሰባ በስንት ካሜራ ይቀረጻል?

የመጀመሪያ ሥራዬን አበላሽቼዋለሁ። እሱን ቀድሜ ልናገር።

እንጀራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። አንድ ቀን እዚሁ ባሕር ዳር ካለ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። «ጉባኤ አለብን፣ በሦስት በአራት ካሜራ ይቀረጽልን» አሉ። ለሠርግ የምይዘውን ሁሉ ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ። አራት ካሜራ፣ ክሬን፣ ሁለት ልጆች። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የአዳራሹ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ተነሥተው ስለ ሰፈራቸው የጎርፍ መውረጃ ጠየቁ። ምስሉ ልቅም ያለ ነው። ምሬታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። ድምጹ ግን ዝናብ ብቻ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። የኃላፊው መልስም እንደዚያው ውኃ በላው።

ገንዘቡ ተከፈለኝ። ሁለተኛ ግን አልተደወለልኝም።

ከዚያ ወዲህ ቀበሌም፣ ክፍለ ከተማም፣ ምክር ቤትም ቀርጫለሁ። አሁን «ምን ካሜራ እንግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ካሜራው መጨረሻ ነው የሚመረጠው። ከዚህ በታች ያለውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

1. ካሜራ ሳትይዙ አንድ ስብሰባ ታደሙ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ማን ከየት ሆኖ እንደሚናገር ጻፉ። አፈ ጉባኤው መድረክ ላይ ናቸው። ሪፖርት አቅራቢው አትሮኖሱ ጋ ይቆማል። አባላት ከወንበራቸው ተነሥተው ይናገራሉ። ሕዝብ የተጠራበት መድረክ ከሆነ ደግሞ አስተያየት ሰጪው ከየትም ይነሣል፤ በሩን ተደግፎ የሚናገርም አይጠፋም።

ድምጽ ሲሰጥ እጅ ይወጣል። ያ ሁሉ እጅ በአንድ እይታ የሚታየው ከየትኛው ጥግ ነው? ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ የአንደኛው ካሜራ ቦታ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቪዲዮውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ስለ ምስሉ ውበት ግድ የለውም። የሚፈልገው ማን ምን እንዳለና ድምጹ እንዴት እንደተሰጠ ነው። ቃለ ጉባኤው «በአብላጫ ድምጽ ጸደቀ» ብሎ ያልፋል። ቪዲዮው የተቃወመውንም፣ ድምጸ ተአቅቦ ያደረገውንም ያሳያል።

ስብሰባው ሲያልቅ ሜትር አውጡና አዳራሹን ለኩ። ከመድረክ እስከ ኋላ ግድግዳ ስንት ነው? ሶኬቶቹ የት ናቸው? ስንቶቹ ይሠራሉ? መስኮቶቹስ በየት በኩል ናቸው? ሐይቁ ከከተማችን በስተ ሰሜን ነው፤ ዳር ላይ የተሠሩ አዳራሾች ደግሞ ጣናን ይይ ተብሎ መስኮታቸው ሰፊ ነው። ለእንግዳ ደስ ይላል፣ ለካሜራ ግን መከራ ነው። ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ከተናጋሪው ጀርባ ከሆነ ፊቱ ጥላሸት ይመስላል። ካሜራውን መስኮቱ ሥር አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አዙሩት፤ ካልሆነ ወፍራም መጋረጃ አስገዙ። መጋረጃ ከካሜራ ይረክሳል።

2. ድምጹን ጨርሱ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በሁለት ካሜራ የተቀረጸ፣ ድምጹ ጥርት ያለ ስብሰባ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። በአምስት ካሜራ ተቀርጾ የማይሰማ ስብሰባ ግን ማንም አያየውም። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ግማሹን ለድምጽ አውሉት ብል አላፍርም።

ካሜራው ላይ ያለው ማይክ እንደሌለ ቁጠሩት። እሱ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ነው፤ ሳል፣ የወንበር ጭረት፣ የሚጠራ ስልክ። ድምጽ የሚወሰደው አዳራሹ ከሚጠቀምበት ሚክሰር ነው። ሞንታርቦው (የአዳራሹ ድምጽ ማጉያ) የተሰካበትን ሚክሰር ጀርባውን እዩት። «ሬክ አውት» ወይም «ኦክስ» የሚል መውጫ ከኖረው ከዚያ ውሰዱ። ኦክስ ይሻላል፤ የአዳራሹን ድምጽ የሚቆጣጠረው ልጅ ሞንታርቦውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የእናንተ ቅጂ አብሮ አይናወጥም። ከሄድፎን ቀዳዳ አትውሰዱ። አንዱ መጥቶ መስማት ሲፈልግ ይነቅላችኋል።

ከሚክሰር የሚወጣው ድምጽ ጉልበቱ ትልቅ ነው፣ ላይን ይባላል። የካሜራው መግቢያ ለማይክ እንደተዘጋጀ ከተተወ ድምጹ ይሰነጠቃል፤ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ኤዲት አይድንም። ስለዚህ ካሜራ ስትመርጡ የድምጽ መግቢያው ከማይክ ወደ ላይን የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። የድምጹ መለኪያ ሰው ኃይለኛ ሲናገር ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ዜሮን መንካት የለበትም።

«ኡኡኡ» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ መብራቱ ነው። ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ የእናንተ ዕቃ ከሌላ ሶኬት ሲሰካ ይመጣል። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ካልጠፋ በመሃል የሚገባ ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ። አንድ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

አሁን ወደ ዝናቡ ልመለስ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር ስትቀርጹ የሚያድናችሁ ማይኩ ለአፍ መቅረቡ ብቻ ነው። ከአንድ ስንዝር አይራቅ። አባላት በቋሚነት ለሚቀመጡበት ጠረጴዛ ባለ አንገት ማይክ ጥሩ ነው። ቁልፉን ተጭኖ የሚናገርበት ዓይነት ከሆነ ሌላው ማይክ ዝግ ስለሚሆን ጫጫታው ይቀንሳል። በእጅ የሚዞር ገመድ አልባ ማይክ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ይሁኑ። አንዱ ሲናገርበት ሌላው ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ እየሄደ ነው። ሰዋችን ማይኩ ሳይደርሰው መናገር ይጀምራል፣ «እኔ ድምጼ ይሰማል» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ይሰማ ይሆናል፤ ቪዲዮው ላይ ግን የለም። አፈ ጉባኤውን ከስብሰባው በፊት ጠጋ ብላችሁ «ማይክ እስኪደርስዎ ይታገሱ የሚለውን ቃል እርስዎ ቢሉልን» ብላችሁ ለምኑ። ከእናንተ አፍ ከወጣ ማንም አይሰማም።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ የኪስ መቅረጫ መድረኩ ላይ አስቀምጡ። ሁሉም ነገር ሲከሽፍ የምትሮጡት ወደ እሱ ነው። እኔን ሦስት ጊዜ አድኖኛል።

3. የካሜራውን ቁጥር ወስኑ

አንደኛው ካሜራ አዳራሹን በሙሉ ያያል። ከጀመረ እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ዙም የለም፣ ማዞር የለም። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ስብሰባው በዚህ ተቀርጿል። ልጆቼ ይህ ካሜራ አሰልቺ ነው ይሉኛል። አሰልቺ ቢሆንም ድምጽ ሲሰጥ የምትቀይሩት ወደ እሱ ነው።

ሁለተኛው መድረኩንና አትሮኖሱን ይይዛል። ሦስተኛው ከመድረኩ ጎን ሆኖ ፊቱን ወደ አባላቱና ወደ ሕዝቡ ያዞራል። በቃ፣ ሦስት ነው። ለቀበሌ ስብሰባ ሁለትም ይበቃል።

አራተኛ የምትሉት ገንዘብ ካላችሁ ካሜራ አትግዙበት። ስላይድ የሚያሳየውን ላፕቶፕ በኬብል በቀጥታ አምጡት። ግድግዳ ላይ የወደቀ ፕሮጀክተር ሲቀረጽ የበጀት ሠንጠረዡ ቁጥር አይነበብም። ሕዝቡ የሚፈልገው ደግሞ ያንን ቁጥር ነው።

ቁጥሩን የሚወስነው ሌላው ነገር የሰው ኃይል ነው። «ስብሰባ ቀን ስንት ሰው ይመደባል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተሰጣችሁ መልስ ላይ አንድ ቀንሱ። አንዱ ሁልጊዜ ሻይ ቡና ያስተባብራል ወይ እንግዳ ይቀበላል። ለአንድ ሰው በሚመች አሠራር ገዝታችሁ ሦስት ሰው ቢመጣ ችግር የለም። ለሦስት ሰው ተገዝቶ አንድ ሰው ሲመጣ ነው ጉዱ። እዚህ ከተማ ሰው ማሠልጠን ያን ያህል አይከብድም። አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) መቀመጫው ባሕር ዳር ስለሆነ በትልቅ ካሜራ የሠራ ባለሙያ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲው ጋዜጠኝነት የሚማሩ ልጆች አሉት፤ ለልምምድ ቦታ ሲፈልጉ ነው የሚውሉት።

4. አሁን ካሜራው

አራት ዓይነት ምርጫ ይመጣላችኋል።

ሌንሱ የሚቀያየረው የፎቶ ካሜራ፣ ሚረርለስ የሚባለው፣ ሠርግ ላይ ንጉሥ ነው። ስብሰባ ላይ ግን እንግዳ። ብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሞላ ራሳቸው ያቆማሉ። ምክንያቱ ቀረጥ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ገደብ ሠሩበት። ገደብ የሌለባቸውም ቢሆኑ በሙቀት የሚያቆሙ አሉ። ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ ስብሰባ ልባችሁ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ካምኮርደር፣ ያው የድሮው የቪዲዮ ካሜራ ቅርጽ ያለው፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ዙሙ ረጅም ነው። ከመብራት ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ሁለት ሚሞሪ የሚወስደው ዓይነት አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይሻገራል። ያገለገለ ጥሩ ካምኮርደር ከአዲስ ሚረርለስ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ልጆቹ «አሮጌ ነው» ብለው ያፌዙ ይሆናል። ያፊዙ።

ፒቲዜድ የሚባለው በሪሞት የሚዞር፣ የሚያጎነብስና የሚያቀርብ ካሜራ ነው። ግድግዳ ላይ ይተከላል። «ቁጥር 1 አትሮኖስ፣ ቁጥር 2 አፈ ጉባኤ፣ ቁጥር 3 የግራ ረድፍ» እያላችሁ ቦታውን አስቀድማችሁ ታስይዙታላችሁ፤ ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሦስት ካሜራ ያዝዛል። አዳራሹ የራሳችሁ ከሆነና ስብሰባው ቋሚ ከሆነ ገንዘቡ ቢከብድም ምርጫችሁ ይህ ይሁን። ባለ 12 ዙም ለትንሽ አዳራሽ ይበቃል፣ ለሰፊው ባለ 20 ፈልጉ። ዙሙ ኦፕቲካል መሆን አለበት። ዲጂታል ዙም ያለውን ምስል መለጠጥ ብቻ ነው። ዛሬ ሽምብጥ፣ ነገ ዓባይ ማዶ እየተዘዋወራችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ስልክ? ለሦስተኛ ካሜራ ይሆናል። ከኔትወርክ አውጡት፣ ቻርጀር ላይ ሰኩት፣ ፀሐይ አይንካው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ቢያንስ የአንድ ፋብሪካ። ካልሆነ አፈ ጉባኤው በአንዱ ካሜራ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ይሆናሉ። ሌላው መታየት ያለበት ከካሜራው የሚወጣው ምስል ንጹሕ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ካሜራ የባትሪ ምልክቱንና ቀይ ነጥቡን ሁሉ ጨምሮ ይልካል፤ እሱን የሚያጠፋ ቅንብር ከሌለው አትግዙት።

ሁለት ነገር እዚህ አገር የግድ ይስተካከላል። አንደኛው መብራት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ ግን ለ60 ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። በ30 ፍሬም ስትቀርጹበት የአዳራሹ ፍሎረሰንት ይርገበገባል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ ሲወርድ ታያላችሁ። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሩት፣ 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሻተሩን የሴኮንድ 50ኛ (1/50) ላይ ቆልፉት። ቻርጀሩም ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። 110 ብቻ የሚል ከሆነ ስትሰኩት ያልቅለታል።

ሁለተኛው ነጠላ ነው። ቀልድ አይደለም። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ካሜራው ፊት ሲመጣ አውቶማቲኩ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ይጠፋል። የሽማግሌዎች መድረክ በአውቶ ቀርጻችሁ ኤዲት ላይ ስትቀመጡ ይገባችኋል። ብርሃኑን በእጅ አስተካክሉ፣ ለፊት እንጂ ለጨርቅ አይሁን። ነጭ ቀለሙንም በእጅ አስይዙ። ሁሉንም ካሜራ አንድ ነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥራችሁ፣ በዚያው በአዳራሹ መብራት።

5. ኬብል

ሰው እዚህ ላይ ይቆጥብና በኋላ ያለቅሳል። ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል እስከ 10 ሜትር ድረስ ታማኝ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ደግሞ ስትፈትኑት ይሠራና ከንቲባው ሲናገሩ ይጠፋል። ጫፉም መቆለፊያ ስለሌለው ሰው ሲረግጠው ይነቀላል። ርቀቱ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ኤስዲአይ (የቴሌቪዥን ሰዎች የሚጠቀሙበት የምስል ኬብል) መውጫ ያለው ካሜራ ምረጡ። ጥሩ የኤስዲአይ ኬብል ፉል ኤችዲን እስከ 100 ሜትር ገደማ ይወስዳል፣ ጫፉም ተጠምዝዞ ይቆለፋል። ካሜራችሁ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን ይሸጣል።

ርዝመቱን በቀጥታ መስመር አትለኩ። ኬብል በግድግዳ ሥር ዞሮ፣ በበሩ ላይ ተሻግሮ ነው የሚሄደው። በለካችሁት ላይ 5 ሜትር ጨምሩ። መተላለፊያ ላይ ምንጣፍ ወይም ፕላስተር ይልበስ፤ ሽማግሌ ጠልፎ ከጣለ በኋላ ማዘን አይጠቅምም። ያለ ኬብል በዋይፋይ የሚልክ ዕቃ ላሳያችሁ የሚል ነጋዴ ይመጣል። ሱቁ ውስጥ እንደ ውኃ ይፈስሳል። 200 ሰው ከነስልኩ በተቀመጠበት አዳራሽ ሞክሩትና ንገሩኝ።

6. ካሜራዎቹን የሚያገናኘው ዕቃ

ሁሉም ምስል የሚገባበትና አንዱን መርጣችሁ የምታሳዩበት ዕቃ ስዊቸር ነው። እኛ ጋ የተለመደው የብላክማጂክ አቴም ሚኒ ነው። አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው፤ በኤስዲአይ የመጣውን ምስል እዚህ ጋ በመቀየሪያ ሣጥን ወደ ኤችዲኤምአይ ትመልሱታላችሁ። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ግዥ ላይ ተጠንቀቁ። ተራው አቴም ሚኒ በራሱ አይቀርጽም፣ ኮምፒውተር ይፈልጋል። «ፕሮ» የሚለው ዩኤስቢ ዲስክ ላይ ይቀርጻል። «ፕሮ አይሶ» የሚለው ደግሞ የመረጣችሁትንም፣ አራቱንም ካሜራ ለየብቻቸውም ይቀርጻል። በስብሰባ መሃል ተሳስታችሁ የሚናገረውን ትታችሁ የሚያንቀላፋውን ብታሳዩ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ። ገንዘቡ ካለ እሱን።

ገንዘብ ከሌለ ጠንካራ ላፕቶፕና ኦቢኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ መቅረጫ ካርድ ያስፈልጋል። ኦቢኤስ ላይ ስትቀርጹ ፋይሉን ኤምኬቪ አድርጉት እንጂ ኤምፒፎር አታድርጉት። መብራት ድንገት ሲሄድ ተራው ኤምፒፎር ሙሉ ፋይሉ አልከፍትም ይላል፤ ኤምኬቪ እስከዚያች ደቂቃ ያለው ይተርፋል። ሲያልቅ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒፎር ይቀየራል።

ምስሉ ስዊቸሩ ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ስለሚዘገይ ድምጹ ሊቀድም ይችላል። መድረክ ላይ ሰው አቁማችሁ ያጨብጭብ። ከተዛነፈ ድምጹን በዚያው ልክ ታዘገያላችሁ።

የስም ጽሑፍ ከታች የምታስገቡ ከሆነ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የአማርኛው ፊደል አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ እንዳይወጣ ኒያላ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት መጫኑን እዩ። ስም ደግሞ ከባለቤቱ ጠይቁ። በየትኛው «ኀ»፣ በየትኛው «ሠ» እንደሚጻፍ ሰው በስሙ አይደራደርም።

7. መብራት ሲሄድ

ካሜራው ባትሪ አለው። ላፕቶፑም አለው። ቀድሞ የሚሞተው ስዊቸሩ ነው፣ ባትሪ የለውማ። ሚክሰሩም እንደዚያው። ሁለቱን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ሰኩ። ቢሮዎቻችን ያለው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አንዲት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ናት። 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። 100 ዋት ከጫናችሁበት ግማሽ ሰዓት ካቆየ ጥሩ ነው። ጀኔሬተር እስኪነሣ ይበቃል። ሞንታርቦውን ግን እሱ ላይ እንዳትሰኩ፤ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

8. ቦታና ስርጭት

ስሌቱ ቀላል ነው። ፉል ኤችዲን በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ብትቀርጹ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። በ25 ሜጋቢት ከሆነ 11 ጊጋ ከሩብ። ለሚቀመጥ ሰው ፊት 8 በቂ ነው፤ የሚሮጥ ፈረስ አይደለም የምትቀርጹት። ዲስኩን ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ላይቭ እናስተላልፍ የሚል አለቃ ካለ በትሕትና አስረዱት። የሦስት ሰዓት ስብሰባ በ8 ሜጋቢት ወደ 11 ጊጋ ነው። ወደ ላይ የሚጭነው ፍጥነታችሁ 5 ሜጋቢት ከሆነ ለመጫን ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ጥራት ከስብሰባው እኩል አይሄድም። ስለዚህ ማታ ጫኑት፣ ጠዋት ይድረስ። ዩቲዩብ በስልክ ቁጥር ካልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ ይህን ሳያውቁ አንድ ሌሊት ያቃጠሉ አሉ። ቪዲዮው ሥር አጀንዳው በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር ጻፉ። የጊዮርጊስ አካባቢ ነዋሪ ስለ ሰፈሩ መንገድ ለመስማት ሦስት ሰዓት ዳታ አያቃጥልም።

ድምጹንም ለብቻው አውጥታችሁ ቴሌግራም ላይ ልቀቁ። በ64 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት አይሞላም። እኔ እንዳየሁት ከቪዲዮው ይልቅ እሱ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ባጃጅ ነጂው እየሠራ ያዳምጠዋል።

9. ፈቃድ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ያ ማለት ግን ካሜራ ይዞ ዘው ማለት አይደለም። ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያዙት፣ ዝግ ስብሰባ ሲሆን ማን እንደሚነግራችሁም ይታወቅ። ለሕዝቡ በሩ ላይ «ስብሰባው ይቀረጻል» የሚል ወረቀት ለጥፉ። የግል ጉዳዩን ሊያቀርብ የመጣ ሰው አይቅረጹኝ ካለ ፊቱን ተዉት፣ ሰፊውን ካሜራ አሳዩ።

10. ግዥው

በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ይጣደፋል፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ያኔ ደግሞ የማይረባ ዕቃ ይገባል። ጥር የካቲት ላይ ጀምሩ። ዝርዝር መግለጫው ላይ «ዘመናዊ ኤችዲ ካሜራ፣ ብዛት 3» ብላችሁ ከጻፋችሁ አሻንጉሊት ይዘውላችሁ ይመጣሉ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነም ያሸንፋሉ። የምትፈልጉትን በቁጥር ጻፉ። ኤስዲአይ መውጫ ያለው፣ ኦፕቲካል ዙሙ ከ20 ያላነሰ፣ የላይን ድምጽ የሚቀበል፣ ከመብራት ተሰክቶ ሳያቋርጥ ለ4 ሰዓት የሚቀርጽ፣ ሁሉም አንድ ሞዴል። ኬብሉን፣ ስታንዱን፣ ዩፒኤሱን፣ ሚሞሪውን እዚያው አስገቡ። ተረስተው ካለፉ እስከ መጪው ሐምሌ ዕቃው ሣጥን ውስጥ ይከርማል።

ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ዕቃው አዳራሹ ውስጥ ይገጠም። ሱቅ ውስጥ አይደለም። ሙሉ ሁለት ሰዓት ይቅረጽ፤ በሄድፎን እየሰማችሁ።

ሐይቁ ዳር ስለሆንን ደግሞ ማታ ለሚቀጥል ስብሰባ አንድ ነገር። ትንኙ መብራት ይከተላል፤ ሌንስ ላይ ይለጠፋል። ለስላሳ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ስብሰባው ሲያልቅም ዕቃውን በክዳን ሸፍኑት።

ዕቃው የሚቆለፍበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ሁለት ይሁን። አንዱ ንብረት ክፍል፣ አንዱ ካሜራ ማኑ ኪስ። ስብሰባው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ተጠርቶ፣ አባላቱ ተሰብስበው፣ ምልዓተ ጉባኤው ተቆጥሮ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከለቅሶ ሲመለስ አይቻለሁ።